‹‹ቬሪ ኢንተሊጀንት›› ብቻ ነው እንዴ?

በዚህ ቡለቲን ላይ ስጽፍ ይሄ ሁለተኛዬ ነው። ባለፈው የጻፍኩት ስለ ላይብረሪያችን ወንበሮች ስለነበር ማንንም አላስቀየምኩም። የዛሬው ግን ትንሽ ሳያስቀይም አይቀርም። ቢሆንም ነገሩን በሆዴ ይዤ ከምመረቅ ተናግሬው ብወጣ ይሻለኛል ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ።

ነገሩ ስለ አንዲት ሃንድአውት ነው። አንደኛ ዓመት ሳለን የታደለችን፣ ከእኛ በፊት የነበሩትም በፎቶ ኮፒ ያጠኗት፣ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ የምትዞር ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ናት። ርዕሷ ወደ አማርኛ ሲመለስ ‹‹ጎበዝ ሰውን የምንገልጽባቸው የእንግሊዝኛ አባባሎች›› ይላል። በግራ በኩል አባባሉ፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙ። ችግሩ ያለው ቀኙ ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ያው አንድ ነገር ነው የሚለው። ‹‹ሻርፕ አዝ ኤ ታክ››፣ ቬሪ ኢንተሊጀንት። ‹‹ብራይት አዝ ኤ በተን››፣ ቬሪ ኢንተሊጀንት። ‹‹ቱ ክሌቨር ባይ ሃፍ››፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቬሪ፣ ቬሪ ኢንተሊጀንት! መጨረሻዋ ላይ ‹‹ተቃራኒዎች›› የምትል ትንሽ ክፍል እንደነበረች በኋላ ከአንድ ሲኒየር እጅ ሙሉውን ቅጂ ሳገኝ አይቻለሁ። ወረቀቷ ሲባዛ ሲባዛ ታችዋ ተቆርጦ ስለቀረ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰችም።

እኔም ሸምድጃታለሁ። ፈተና ላይም መጥታ ሁሉንም አግኝቻለሁ። ትርጉማቸው ሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ ምኑን ከምን አዛመድክ እንዳትሉኝ፤ ጥያቄው ‹‹ትሩ ኦር ፎልስ›› ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። የዶርም ጓደኛዬ (ስሙን አልጠራም) ከገጠር የመጣ፣ አስቦ የሚናገር ልጅ ነው። በአማርኛም እንዲሁ ነው። ‹‹እራት በላህ?›› ብትሉት እንኳ ከመመለሱ በፊት አንድ ጊዜ ጣሪያውን ያያል። የሚመልሰው ግን ሁልጊዜ ሚዛን የሚደፋ ነገር ነው። አንድ ቀን መምህራችን ስለ አንድ አጭር ልቦለድ ጠየቁት። ተነሳ፣ ጣሪያውን አየ፣ ዝም አለ። መምህሩ ጠበቁ፣ ጠበቁና ወደ እኛ ዞር ብለው ፈገግ እያሉ፣ ‹‹ዌል፣ ሂ ኢዝ ኖት ዘ ሻርፔስት ናይፍ ኢን ዘ ድሮወር›› አሉ። ቃል በቃል ‹‹መሳቢያው ውስጥ ካሉት ቢላዋዎች በጣም ስለታሙ እሱ አይደለም›› ማለት ነው። ሲፈታ ደግሞ ‹‹ደነዝ ነው›› ነው። ፊልም ላይ ሰምተናት የምናውቃት አሥር የምንሆን ልጆች ሳቅን። ያልገባቸው ደግሞ እኛ ስለሳቅን ሳቁ። እሱም ሳቀና ተቀመጠ።

መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቀልደው ማለፋቸው ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የማታው ነው። ዶርም ገብተን አልጋችን ላይ እንደተጋደምን፣ ‹‹ስማ፣ ቅድም ቲቸር ያሉት ምን ማለት ነው? ያቺ የቢላዋዋ?›› አለኝ። እኔም ሳቄ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ‹‹መሳቢያው ውስጥ ብዙ ስለታም ቢላዋ አለ፣ አንተም አንዱ ነህ ማለታቸው ነው። ብቻ ቶሎ ቶሎ መልስ ሊሉህ ፈልገው ነው›› አልኩት። ‹‹አሃ›› አለና ተነስቶ ደብተሩ ላይ ጻፋት። በቀኝ በኩልም ‹‹ቬሪ ኢንተሊጀንት›› ብሎ ጨመረባት። ምን ያድርግ? ሃንድአውቷ ያስተማረችን እንደዚያ ነው።

ከዚያች ማታ በኋላ ነው እነዚህን ቃላት በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። ላይብረሪ ገብቼ መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ፣ ያገኘሁትን አነበብኩ። እስቲ ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ‹‹ስማርት››ን እንውሰድ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የቃሉ ሥር ማመም፣ መቆጥቆጥ ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን አንድ ሰው ጣቱን በር ላይ ቆንጥጦት ‹‹ኢት ስማርትስ!›› ቢል ‹‹ይቆጠቁጠኛል›› ማለቱ እንጂ ማንንም ማድነቁ አይደለም። ከሚቆጠቁጥ ወደ ፈጣን፣ ከፈጣን ወደ አእምሮ ፈጣን እየተሸጋገረ ነው እዚህ የደረሰው። አሜሪካዊ ‹‹ስማርት›› ሲላችሁ ጭንቅላታችሁን ነው። እንግሊዛዊ ሲላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ኮታችሁንና ጫማችሁን ነው። ‹‹ዶንት ጌት ስማርት ዊዝ ሚ›› ስትባሉ ደግሞ ‹‹አፍህን ሰብስብ›› ተብላችኋል። ‹‹ስማርት አሌክ›› እና ‹‹ዋይዝ ጋይ›› የሚባሉትም የዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ ላያቸው ጎበዝና ብልህ ይላል፣ ውስጣቸው አፈ ጮሌ ይላል።

‹‹ክሌቨር›› ደግሞ በእንግሊዞች ዘንድ ለልጅ ሲሆን ማሞካሻ ነው፣ ለትልቅ ሰው ሲሆን ግን ጥርጣሬ ሊደባለቅበት ይችላል። ሃንድአውታችን ‹‹ቬሪ፣ ቬሪ›› ያለችላት ‹‹ቱ ክሌቨር ባይ ሃፍ›› በትክክል ስትፈታ ብልጠቱ ከልክ ያለፈ፣ ሰው የማያምነው ማለት ናት። ይህች ሐረግ አንድን ትልቅ ፖለቲከኛ ዕድሜ ልካቸውን ተከትላቸዋለች። ኢየን ማክላውድ የብሪታንያ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ሳሉ በአፍሪካ ያሉት ቅኝ ግዛቶች ቶሎ ነፃ እንዲወጡ ይገፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ሎርድ ሶልዝበሪ በሎርዶች ምክር ቤት ተነስተው፣ ሚኒስትሩ የአፍሪካ ነጭ ሰፋሪዎችን በብልጠት ሊረቱ ይሞክራሉ በሚል ክስ ‹‹ቱ ክሌቨር ባይ ሃፍ›› አሏቸው። ማክላውድ ብሪጅ በሚባለው የካርታ ጨዋታ የታወቁ ነበሩና ሎርዱ እሷንም ሳያነሷት አላለፉም። ልብ በሉ፣ ማክላውድን አላዋቂ ያላቸው ሰው የለም። አዋቂነታቸውን ነው ወንጀል ያደረጉባቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 እስኪሞቱ ድረስ፣ ከሞቱም በኋላ፣ ስማቸው ሲነሳ ይህች ሐረግ አብራ ትነሳለች።

እንግዲህ ከእኛ አንዱ ሃንድአውቷን አምኖ ለሚሸኘው መምህሩ ካርድ ላይ ይህችን ቢጽፍላቸውስ? ‹‹ብልህ›› እና ‹‹ብልጥ›› በአማርኛ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ ግን ‹‹ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል›› በሚለው ተረት ውስጥ ‹‹ብልህ›› ብለን የምናስገባ አንድም የለንም። ቋንቋው የእኛ ስለሆነ ማንም ወረቀት አላደለንም፤ እናታችን ቤት ነው የተማርነው።

የተማረ ሰውን መጥራት ላይ ስንመጣማ ጉዱ ይብሳል። ‹‹ኤግሄድ››፣ እንቁላል ራስ እንደማለት፣ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የምርጫ ዘመቻ ነው። ዕጩው አድላይ ስቲቨንሰን ራሰ በራና አንደበተ ርቱዕ ነበሩና እሳቸውም ደጋፊዎቻቸውም በዚሁ ስም ተጠሩ። በ1952ም በ1956ም በአይዘንሃወር ተሸነፉ። የተሸነፉት በስሙ ምክንያት ነው አልልም፤ አይዘንሃወር የጦር ጀግና ነበሩ። ግን ስሙ የጠቀማቸው አይመስለኝም። ‹‹ኔርድ›› ደግሞ በጽሑፍ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 ዶክተር ሱስ ባሳተሙት የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ምናባዊ አውሬ ስም ሆኖ ነው። ‹‹ጊክ›› የሚባለው ቃል ከኮምፒዩተር ጋር ከመዛመዱ በፊት በአሜሪካ ትርኢት ቤቶች የዶሮ ራስ በጥርሱ የሚቆርጥን ሰው ይጠሩበት ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሁሉ በኩራት ‹‹እኔ ጊክ ነኝ›› ይላል። እኛ ዶርም ውስጥ ‹‹ቀለሜው መጣ›› የምንለው ልጅ ስሙን ወዶት ይሁን አይሁን ጠይቀነው እናውቃለን?

ሴት እህቶቻችንንም የምትመለከት አንዲት አለች፤ ‹‹ብሉስቶኪንግ››፣ ሰማያዊ ካልሲ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ እንደ ኤልሳቤጥ ሞንታጉ ያሉ ሴቶች በካርታ ጨዋታ ፈንታ ስለ መጻሕፍት የሚወያዩበት ስብሰባ ያዘጋጁ ነበር። ካልሲው እንኳ የሴት አልነበረም። ቤንጃሚን ስቲሊንግፍሊት የተባለ የዕፅዋት አጥኚ በክብር ቦታ የሚለበሰውን ጥቁር ሐር ትቶ የዘወትር ሰማያዊ የሱፍ ካልሲውን አድርጎ ስለመጣ ነው ስሙ የወጣው። መጀመሪያ የጨዋታ ስም ነበር፤ እያደር ግን ያነበበችን ሴት መስደቢያ ሆነ። ካልሲው የወንድ፣ ስድቡ የሴት!

ሌላዋ ‹‹ብራይት›› ናት። ከዚህች የበለጠ ንፁህ ምስጋና ያለ አይመስልም አይደል? እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ ጆ ባይደን በዕጩነት ይፎካከሯቸው ስለነበሩት ስለ ባራክ ኦባማ ሲናገሩ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ፖለቲከኞች መካከል ‹‹አርቲኩሌት›› (ንግግር አዋቂ)፣ ‹‹ብራይት›› እና ‹‹ክሊን›› የሆኑ የመጀመሪያው ሰው እንደሆኑ አድርገው ገለጿቸው። አገር ጉድ አለ። ቃላቱ አንድ በአንድ ቢታዩ ምስጋና ናቸው። ግን ‹‹ለጥቁር ሰው›› የምትል ያልተነገረች ቃል ከኋላቸው ተሰማች። ሰውን የበለጠ ያስቆጡት ‹‹ክሊን›› እና ‹‹አርቲኩሌት›› ነበሩ። ባይደን ይቅርታ ጠየቁ፤ በኋላም የኦባማ ምክትል ሆኑ። አንድ የውጭ አገር እንግዳ እኛን ‹‹ዩ ስፒክ ሰች ጉድ ኢንግሊሽ!›› ሲለን ደስ እያለንም አንድ ነገር ቅር የሚለን ለዚህ ይመስለኛል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልን መምህራንም አንዲት ነገር ቢያስቡልን። ‹‹ኩዋይት ኢንተሊጀንት›› የምትለዋ ለአሜሪካዊ አንባቢ ‹‹በጣም ጎበዝ›› ልትሆን ትችላለች፤ ለእንግሊዛዊ ግን ብዙ ጊዜ ‹‹ደህና ነው፣ ምንም አይልም›› ናት። አንዲት ቃል ስኮላርሺፕ ታስከለክል ይሆናል!

ለመሆኑ ቢላዋውና አምፖሉ ከየት መጡ? ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለ ሐሳብ ሲናገር ሐሳብን እንደ ብርሃን ምንጭ፣ እንደ ሚቆርጥ ስለት አድርጎ እንደሚያይ ያሳያሉ። ‹‹ብራይት›› እና ‹‹ብሪሊያንት›› ከብርሃኑ ወገን ናቸው፤ ‹‹ሻርፕ›› እና ‹‹ኪን›› ከስለቱ። አንድ ጊዜ መንገዱ ከተያዘ መሳደቢያውም በዚያው መንገድ ይመጣል፤ ‹‹ኖት ዘ ብራይተስት በልብ››፣ ‹‹በጣም የሚያበራው አምፖል አይደለም››። ይሄንን ሳነብ የገረመኝ የእኛውም አማርኛ እዚያው መንገድ ላይ መገኘቱ ነው። ‹‹ብሩህ አእምሮ››፣ ‹‹ስል ልጅ›› እንል የለ? ‹‹ደነዝ›› ስንልስ ያው ያልተሳለውን ቢላዋ አይደል የምንጠራው? እንግዲህ ጓደኛዬ ያልገባው ሐሳቡ አልነበረም ማለት ነው። ከቤቱ ያመጣው ሐሳብ ነው። የተሰወረበት ‹‹ኖት›› የምትለዋን አስቀድመው፣ ፈገግ ብለው፣ በጨዋ ቋንቋ የሚሳደቡበት ዘዴ ነው።

አንድ የምንለያይበት ነገር ግን አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። እንግሊዝኛ ማስተዋልን በብዛት ያስቀመጠው ጭንቅላት ላይ ነው። ‹‹ሂ ሃዝ ኤ ጉድ ሄድ ኦን ሂዝ ሾልደርስ›› ይላሉ፣ ትከሻው ላይ ጥሩ ጭንቅላት አለው። እኛም ‹‹ጭንቅላት አለው›› እንላለን፤ ከሁሉ በላይ የምናከብረውን ሰው ግን ‹‹ልባም›› ነው የምንለው። ልብ በል፣ ልብ ግዛ፣ ልበ ብርሃን። በእንግሊዝኛ ከትምህርት ጋር የምትነሳው ልብ ‹‹ለርን ባይ ሃርት›› የምትለዋ ናት፣ በቃል መሸምደድ! ለእኛ ልብ ማስተዋያ ነው፤ ለሃንድአውቷ የዋለችው ልብ ግን የእንግሊዞቹ ሆነች።

ድምፅስ? እናታችሁ ብርጭቆ ስትሰብሩ አይታ ‹‹ጎበዝ!›› ስትል ያመሰገነቻችሁ የመሰለው ልጅ አለ? የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ ከፊቷ ያነበዋል። ‹‹ናይስ ጎይንግ፣ አይንስታይን!›› ማለትም እንደዚያው ነው። ከመዝገበ ቃላት አይንስታይንን ብትፈልጉ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ ይላችኋል። ቁልፉን ዶርም ውስጥ ረስታችሁ በሩን ዘግታችሁ ስትወጡ ግን ሊቅነቱ ሌላ ነው።

ይሄንን ሐሳቤን ለአንድ መምህሬ ባካፍላቸው፣ ‹‹ልጄ፣ ስልሳ ተማሪ ይዤ፣ በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ የእያንዳንዱን አባባል ድምፅ ላስተምር? መጀመሪያ ያዙት፣ አጠቃቀሙ በኋላ ይመጣል›› አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጊዜ የለም። ግን ‹‹በኋላ›› የሚመጣው ከየት ነው? እንግሊዝኛ ከሚናገር ጎረቤት ጋር ቡና አንጠጣ! የምናገኘው ከክፍል ነው፣ ካልሆነም ከፊልም። ፊልሙ ደግሞ ስድቡን እንጂ ስድቡ መቼ እንደማይባል አያስተምርም። እኔ የምለው ሠላሳውን አባባል ወደ ስምንት እናውርደውና በቀኝ በኩል ያለውን ‹‹ቬሪ ኢንተሊጀንት›› አንስተን ማን ይለዋል፣ ለማን ይለዋል፣ ፊት ለፊት ነው ወይስ ከጀርባ የሚለውን እንጻፍበት። ‹‹ብራይት አዝ ኤ በተን››፣ የልብስ ቁልፍ ሲያብረቀርቅ ማለት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ለልጅ ትባላለች፣ ለዲናችን ባትባል ጥሩ ነው። አለቀ! ይህቺን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። ተቆርጣ የቀረችው የታችኛዋ ክፍልም ትመለስ፤ ስድብን የማያውቅ ሰው ሲሰድቡት አብሮ ይስቃል።

ጓደኛዬስ? ባለፈው ክረምት ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች አስተርጓሚ ይፈልጋሉ ተብሎ ኢንተርቪው ገባ። ‹‹ዲስክራይብ ዩርሰልፍ›› አሉት። ጣሪያውን አየና ‹‹አይ አም ኖት ዘ ሻርፔስት ናይፍ ኢን ዘ ድሮወር›› አላቸው። ሁለቱ ጠያቂዎች ከልባቸው ሳቁ፤ አንደኛዋማ እጁን ጨበጠችው። ዶርም ሲመጣ ደስ ብሎት ‹‹ወደዱልኝ እኮ!›› አለኝ። ሰው ስለ ራሱ ሲላት ትሕትና ናት፣ ፈረንጆቹ ይወዷታል፤ እሱ ግን ይሄንን አያውቅም። ‹‹ጎበዝ ነኝ አልኳቸውና ሳቁ›› ብሎ ነው የተረዳው። ሥራውን ሌላ ልጅ አገኘው፣ ምክንያቱን አልነገሩትም።

ያን ዕለት ማታ ሁሉንም ነገርኩት፤ የመምህሩን፣ የሳቄን፣ የውሸቴን። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ ‹‹ሳቃችሁማ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር›› አለኝ። ‹‹ያልገባችኝ ቢላዋዋ ናት።›› ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ‹‹ቬሪ ኢንተሊጀንት›› የምትለዋን ሰረዘና ከጎኗ በአማርኛ ሁለት መስመር ጻፈ። ምን እንዳለ አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሃንድአውቷን ለማስተካከል የሚነሳ መምህር ካለ ግን ደብተሩን ለማዋስ ፈቃደኛ ነው። ጠይቄዋለሁ።